ሳይቃጠል በቅጠል

ስለ ፊልም የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ስለ ተዋናዩ፣ ስለ ደራሲው፣ ስለ ዳይሬክተሩ ብዙ ተብሏል። ከተመልካቹ ጀርባ፣ ከግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ወዲያ ሆኖ ፊልሙን ስለሚያሳየው ሰውና ስለ ማሽኑ ግን ብዙም ሲጻፍ አላየሁም። አያቶቻችን ያ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ቢቸግራቸው የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለውት ነበር። እኔ ሰይጣኑ ይኖርባታል በተባለችው ዓይነት ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰይጣን አላየሁም፤ አቧራ ግን በብዛት አይቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚያ አቧራና እሱን ለመዋጋት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል የጥገና ሰሌዳ ነው። ነገሩ ከማኅበራችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ወደ በኋላ እመጣበታለሁና እስከዚያው ታገሡኝ።

ወደ ሥራው የገባሁት መርጬው አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ (እንደ ፈረንጆቹ 2005 መሆኑ ነው) የግል ጋዜጦች ሲዘጉና ባልደረቦቻችን ሲታሰሩ፣ እኔም እንደ ብዙዎቹ አገሬን ጥዬ ወጣሁ። አሜሪካ ስገባ በእጄ የነበረው ሙያ በአማርኛ መጻፍ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ፣ ማታ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፈንድሻ ፍርፋሪ እጠርግ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ላይ ሥራ አስኪያጁ «ላይ ቤት ያሉት ሽማግሌ ረዳት ይፈልጋሉ» ብሎ ደረጃውን አሳየኝ።

ሽማግሌው አሜሪካዊ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ሙያ ቆይተዋል። የመጀመሪያ ቀን ማሽኑን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። በሩ አጠገብ የተሰቀለ ሰሌዳ አሳዩኝና «አንብብ» አሉኝ። ሰሌዳው በአራት ተከፍሏል፦ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ቀንና ፊርማ የሚሰፍርበት ባዶ ቦታ አለ። «ሥራህ ይሄ ነው። ፊልም ማሳየቱ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው» አሉኝ። ያኔ የሽማግሌ ነገር ብዬ አለፍኩት፤ ውሎ አድሮ ግን ገባኝ።

ማሽኑን ላላዩት ጥቂት ላስረዳ። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል። የሁለት ሰዓት ፊልም ቢዘረጋ ከሦስት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ታዲያ ይህ ሁሉ ፊልም ዝም ብሎ አይፈስም። እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃኑ ፊት መጥቶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ቦታ መልቀቅ አለበት። መቆም፣ መሄድ፣ መቆም፣ መሄድ፣ በሴኮንድ 24 ጊዜ። ይህን የሚያደርገው ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት ነው፤ የማልታ መስቀል ይባላል። ዘይቱ ሲጎድል ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕልም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ተመልካቹ ዓይኑን ያሻል እንጂ የጎደለው የአንድ ስኒ የማይሞላ ዘይት መሆኑን በምን ያውቃል?

የየቀኑ ሥራ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከእያንዳንዱ ማሳያ በፊት ፊልሙ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ በጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል። ፊልሙ ሲፋቅ የሚቀረው ብናኝ እዚያ ተጋግሮ ከቆየ የሚቀጥለውን ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጭረዋል፤ ያ ጭረት ደግሞ አይድንም። የተጋገረውን በእንጨት እንጂ በካቻቢቴ መፋቅ ክልክል ነው። የዘይቱ ልክ ይታያል። የአምፖሉ ማራገቢያ መዞሩ በጆሮ ይደመጣል። ማታ አምፖሉ ከጠፋ በኋላም ማራገቢያው አሥር ደቂቃ ያህል ይተዋል፤ ወደ ቤት ለመሮጥ ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጠፋ ሰው የአምፖሉን ዕድሜ አሳጠረ ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ፊልሙን የሚጎትቱት ጥርሶች በባትሪ መብራት ይመረመራሉ። የተበላ ጥርስ እንደ መንጠቆ ይታጠፍና የፊልሙን ቀዳዳ ይቀደዋል። መዞሩን ያቆመ ሮለር ፊልሙን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ድምፁን የሚያነበው ክፍል ይጸዳል። የመስኮቷም መስታወት በሁለቱም በኩል ይታጠባል። በተለይ በአዳራሹ በኩል ከፈንድሻው የሚነሳ የቅባት ጭስ ይለጠፍባታል። ሥዕሉ ደብዝዟል ተብሎ አዲስ አምፖል ሊታዘዝ ሲል፣ ሽማግሌው መስታወቷን በጨርቅ ወልውለው ወጪውን ያስቀሩበትን ቀን አስታውሳለሁ።

የወሩ ሥራ ከበድ ይላል። የአየር ፊልትሮ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ይወለወላል። ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ የገመዶቹ ማሠሪያ መላላቱ ይታያል፤ የላላ ገመድ ይግላል፣ የጋለ ገመድ ይቃጠላልና። ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው ብርሃንም በመሣሪያ ይለካል። አምፖሉ ራሱ የዋዛ ዕቃ አይደለም። ዜኖን የሚባለው ጋዝ በርዶ እንኳ ከውጭው አየር ብዙ እጥፍ በሆነ ግፊት ታፍኖበታል፤ ሲግል ይብስበታል። ስለዚህ የሚቀይረው ሰው የፊት መከላከያ፣ ወፍራም ጓንትና ጃኬት ይለብሳል። በባዶ ጣት አይነካም፤ የጣት ወዝ በሙቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተቃጥሎ ያዳክመዋል። ፋብሪካው ይህን ያህል ሰዓት ይሠራል ብሎ ይጽፍበታል፣ የሠራበት ሰዓትም ይመዘገባል። ሥራ አስኪያጁ «ገና እያበራ ነው፣ ለምን ይቀየራል?» ይሉ ነበር። ሽማግሌው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ሲፈነዳ አንጸባራቂውንም ይዞት ይሄዳል። የሁለቱን ዋጋ ደምርና ንገረኝ።»

በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ተጠርቶ የማልታ መስቀሉን ዘይት ይለውጣል፣ ሌንሶቹን ያስተካክላል። በመስኮቶቹ ላይ ያሉት የብረት መዝጊያዎችም መውደቃቸው ይፈተሻል። እነዚህ መዝጊያዎች ከድሮ የቀሩ ናቸው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ድረስ ይሠራ የነበረው የናይትሬት ፊልም አንዴ ከተያያዘ በውሃ የማይጠፋ ነበርና፣ እሳት ሲነሳ መዝጊያው ወድቆ እሳቱን ከሕዝቡ እንዲለይ ነው። ናይትሬት ቀርቶ ብዙ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ሽማግሌው በየዓመቱ መዝጊያውን ይጥሉት ነበር።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ኦሊዮና ፊልትሮ በጊዜው ያልቀየረ ሹፌር በኋላ ሞተር ይቀይራል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት አባቶች መኪናም ፕሮጀክተርም ሳያዩ ነው።

ከዚያ ዲጂታል መጣ። የእኛም ሲኒማ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. የፊልም ማሽኖቹን አውጥቶ በዲጂታል ተካቸው። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ፓራማውንት የተባለው ትልቁ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ፊልሞቹን በ35 ሚሊ ሜትር ማከፋፈል ማቆሙ ሲሰማ፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ቀድመው ተለውጠው ነበር። ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። እኔም በ2013 እ.ኤ.አ. ለቀቅኩ። በብዙ ቦታ ከፊልሙ ጋር አብሮ የወጣው ግን ሰሌዳው ነው። «አሁን ኮምፒውተር ነው፣ ራሱን ይችላል» ተባለ።

ኮምፒውተር አቧራ አይፈራም ያለው ማነው? ዲጂታሉ ፕሮጀክተር እንዲያውም ከድሮው የበለጠ አየር ይስባል። ፊልትሮው ሲዘጋ ውስጡ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ይታያል፤ ሙቅ አየር የሚያወጣው ቱቦ ይፈተሻል፤ ፊልሙ የተጫነበት ሰርቨር ዲስኮቹ ደኅና መሆናቸው ይጠየቃል። ፊልሙ ተቆልፎ ይመጣል፤ መክፈቻው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ጊዜ የተወሰነለት ነውና ቀደም ብሎ ካልተሞከረ ሕዝቡ ተቀምጦ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ዛሬ በሌዘር የሚሠሩት ፕሮጀክተሮች አምፖል መቀየርን አስቀርተዋል። አቧራን ግን አላስቀሩም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ሥራውን ከለቀቅኩ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ለልጆቻችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም እናሳይ ብለን ከከተማ ወጣ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ሲኒማ ቤት ተከራየን። ትኬቱ ከሳምንት በፊት አለቀ። እናቶች የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አገር ቤት ፊልም ካዩ ሃያ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌዎችም ነበሩ። ፊልሙ በተጀመረ በአርባ ደቂቃው ስክሪኑ ድርግም አለ።

ላይ ቤት ሮጥኩ። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አገኘሁ፤ ስምንት አዳራሽ ብቻውን ይቆጣጠራል፣ መሐል ላይ ደግሞ ወርዶ ፈንድሻ ይሸጣል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ ማንም ያስተማረው የለም። የማሽኑን ጎን ስንከፍት ፊልትሮው ላይ አቧራው ጋቢ መስሎ ተኝቷል። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ያለው የመጨረሻ ቀን ዓመት አልፎታል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ የለም። አቧራውን አራገፍን፣ እስኪበርድ ጠበቅን፣ ሞከርን፤ አምፖሉ አልነሳ አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ፓርኪንጉ ወጣ። የትኬቱን ገንዘብ መለስን። «ለልጆቹ ይሁን» ብለው ያልተቀበሉም ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሲኒማ ቤቱ ግን ከኪራዩ ግማሹን ብቻ ነው የመለሰልን። በዚያ ምክንያት ለመስከረም የታሰበው የመማሪያ ክፍል ሳንከራይ ቀረን፣ ልጆቹም እስከ ጥር ድረስ ያለ ትምህርት ቆዩ። በዚያ መሐል አማርኛውን ትቶ ያልተመለሰ ልጅ አለ። ሁሉም በአንድ ፊልትሮ!

ወገኖቼ፣ በፈረንጁ ላይ ጣት ቀስረን ብናበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በራሳችን ቤት ምን እናደርጋለን? ለመግዣ ሲባል እጃችን አያጥርም፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል፣ የሰጪው ስም ይጠራል፣ ፎቶ ይነሣል። ለመጠበቂያ ሲባል ግን ዝም ነው። በማኅበራችን መጋዘን ውስጥ የሚጮሁ ስፒከሮች፣ ሽቦአቸው የተበጠሰ ማይክራፎኖች፣ አንድ ክር ጠፍቶባቸው የተጣሉ ወንበሮች አሉ። ሁሉም ሲገዙ በእልልታ ነበር የገቡት። ወደ አገር ቤት አዋጥተን ከላክናቸው ማሽኖች መካከልስ በመለዋወጫ እጦት ተሸፍነው የቆሙ እንዳሉ ከመካከላችን ያልሰማ አለ? የጋራ የሆነ ነገር «አንዱ ያየዋል» እየተባለ ማንም ሳያየው ያልቃል።

ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው ማኅበራችን ለአዳራሹ የሌዘር ፕሮጀክተር እንዲገዛ ሐሳብ ቀርቧል። እኔ የግዢው ደጋፊ ነኝ። የራሳችን ማሽን ቢኖረን ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ የማንም ደጅ አንጠናም። ግን ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገር እንወስን እላለሁ። አንደኛ፣ ለመግዣ ስናዋጣ የዓመቱ መጠበቂያ ገንዘብ አብሮ ይዋጣ፣ ለብቻውም ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ኃላፊ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች በስም ይመረጡ፣ አንዱ ቢታመም ወይም አገር ቤት ቢሄድ ሌላው እንዲተካ። ሁለቱም በደንብ ይሠልጥኑ፤ እኔ በነጻ አሠለጥናለሁ። ሦስተኛ፣ በጠቅላላ ጉባኤው የገንዘብ ሪፖርት ሲነበብ ሰሌዳውም ይነበብ፤ ፊርማ የጎደለበት ወር ካለ ለምን ጎደለ ተብሎ ይጠየቅ። ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ነው።

ከወጣቶቻችን አንዱ ወይም አንዷ ይህን ኃላፊነት ብትወስድ ደግሞ ደስታዬ ወሰን የለውም። ጭብጨባ የለውም፣ ፎቶም አይነሡበትም፤ ሥራው በትክክል ሲሠራ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ዞር ብሎ እንኳ አያይም። ይህን የሚወድ ሰው በየማኅበሩ ሁለት ሦስት አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

ሰሌዳውን በአማርኛ አዘጋጅቼ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ። በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ ይላል። የስሙና የፊርማው ቦታ ገና ባዶ ነው።

ቸር ይግጠመን።