ሐይቁን ሳይሆን እናቴን

ለጎጃሟ ይጁቤ ሰው ሐይቅ ብርቅ ነው። ደገኞች ነን፤ የምናውቀው ትልቅ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከወረዳችን ከባሶ ሊበን ቆላ ግርጌ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚሄድ፣ ክረምት ሲገባ የሚፈራ ወንዝ ነው። ስለዚህ አንዳችን ጣና ዳር ሲቆም መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ እዚያ መድረሱን ማሳየት ነው። እኔም ለዓመታት የቤተሰቤን ፎቶ ያነሳሁት በዚሁ ስሜት ነበር። ሰዎቹን የማቆማቸው ለሐይቁ ምስክር እንዲሆኑ ነበር።

አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ እናቴን፣ እህቴንና ልጆቿን ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ። ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ተነስተን በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርገን ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ከመኪና እንደወረድን፣ ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ፣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኳቸው። ውኃውን ከኋላቸው አድርጌ በሰልፍ አቆምኳቸው። እናቴ ፀሐዩ ከብዷት ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስትስብ፣ «ገለጥ አድርጊው እንጂ እማዬ፣ ፊትሽ አይታይም» አልኳት። ትንሹ ልጅ ውኃውን ሊነካ ሲሮጥ ጮኼበት መለስኩት። ሐይቁ፣ ጀልባዎቹና የደንገል ታንኳው ሁሉ እንዲገቡልኝ ወደ ኋላ እየራቅሁ ደጋግሜ አነሳሁ።

ማታ ፎቶውን ስናየው ሐይቁ አምሯል። የሰዎቹ ዓይን ያለበት ቦታ ግን ጥቁር ጥላ ነው፤ የእናቴ ነጠላ ነጭ እሳት መስሏል፤ የውኃው መስመር በሁሉም አንገት ላይ ያልፋል። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን በአንዳቸውም ፊት ላይ ደስታ አለመኖሩ ነው። እዚያ ድረስ በደስታ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ደስታ በትእዛዝ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን እየቆየሁ ነው የተረዳሁት። በሚያዝያ አጋማሽ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ብርሃኑ ቁልቁል ስለሚወርድ ዓይንና አገጭ ሥር ጥላ ይጥላል። ካሜራው ደግሞ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ብርሃን ላይ ለማምጣት ይሞክራል። የሚያብረቀርቅ ውኃና ነጭ የአገር ልብስ ፊቱ ሲሞላ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ይቀንሳል፤ የሚጎዳው ጠይም ፊታችን ነው። ይህ ድሮም የነበረ ችግር ነው። የኮዳክ ኩባንያ ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ» የሚባል ካርድ ነበረው፤ ካርዱ ላይ ለረጅም ዘመን የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ጠይም ፊትን በትክክል ለማሳየት ታስቦ የተሠራው የጉግል ፒክስል 6 ስልክ የወጣው ገና በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ እንግዲህ ፊታችንን ራሳችን መጠበቅ አለብን።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይዋ ዝቅ ትላለች፤ ብርሃኑም ይለሰልሳል። ቀትር ላይ ከደረስን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣቸውና ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞራለሁ፤ ከሐይቁ የሚመለሰው ብርሃን ፊታቸውን ያበራዋል። ስልኩ ላይ በጣቴ የምነካው ፊታቸውን ነው፤ ያኔ ብርሃኑን በፊታቸው ልክ ያስተካክላል። ለልጆች ቁጢጥ እላለሁ። የተጠበሰ ዓሣ በእጃችን ከበላን በኋላ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ቅባት የነካው ሌንስ ሁሉንም ነገር ጉም ያስመስለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እቀርባለሁ።

ለኔ የከበደኝ መታገሥ ነው። እናቴ የምታውቀው ፎቶ የፎቶ ቤት ፎቶ ነው፤ ክት ልብስ ተለብሶ፣ እጅ ተሰብስቦ፣ ቀጥ ተብሎ የሚነሱት። ለእሷ ትውልድ ፎቶ ክብር ነው። «ሳቂ» ባልኳት ቁጥር ይበልጥ ትኮሳተር ነበር። በሌላ ጉዟችን ግን ምንም ሳልላት ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አብረን ተቀመጥን። «ይህ ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። «ጎጃምን ዞሮ ከኛ ቆላ በታች የሚያልፈው ነው» አልኳት። ዝም ብላ ስታየው ቆየችና ወደ ልጆቹ ዞራ አባቷ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ ገበያ እንዴት ይሄድ እንደነበር ትነግራቸው ጀመር። እጇ ውኃውን ያሳያል፤ ልጆቹ አፏን ያያሉ። ያኔ አነሳኋቸው። በፎቶው ላይ ጣና ከትከሻዋ ጀርባ ያለች ቀጭን መስመር ናት፤ ያን ቀን ጣና ዳር መሆናችን ግን ከማንኛውም የቀድሞ ፎቶዬ ይልቅ እዚያ ላይ ይታወቃል፤ ምክንያቱም ውኃው ያደረገባት ነገር ፊቷ ላይ አለ።

ሐይቁን የሚያነሳ ሰው ሞልቷል። የናንተን እናት ግን እናንተ ካላነሳችኋት የሚያነሳላችሁ የለም። እባካችሁ ቀረብ በሉ፤ የምታወራውን አታቋርጧት፤ ነጠላዋን እንደፈለገች ትልበሰው። አንዳንዴም ስልኩን ለልጆቹ ሰጥታችሁ እናንተም አጠገቧ ተቀመጡ፤ ሁልጊዜ የሚያነሳ ሰው ከቤተሰቡ ታሪክ ይጎድላል። ከዚያ ደግሞ አሳትሙት። እናቴ የኔን ስልክ ከፍታ አታይም፤ ይጁቤ ቤቷ ግድግዳ ላይ ያለውን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ራሷ እያሳየች ታወራዋለች፤ የጉድሩን ገበያም ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች።