የአንድ ሰው ድንኳን

የድሮው ድንኳናችን 3 ኪሎ ከ400 ግራም ይመዝናል። ይህን ያወቅኩት ጓደኛዬ ከሄደ በኋላ ነው። አብረን በምንወጣበት ጊዜ መዝነነው አናውቅም። እኔ ጨርቁን እይዛለሁ፣ እሱ ዘንጎቹንና ካስማዎቹን፤ በቃ። በ2015 ለማስተርስ ጀርመን ሲሄድ ዘንጎቹን ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝና “እንግዲህ ያንተ ነው” አለኝ። በሳምንቱ ብቻዬን ልወጣ ብዬ ሁሉንም አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ስሊፒንግ ባጉ፣ ውሃው፣ ምግቡ ሲጨመር ትከሻዬ እምቢ አለ። እዚያው ሲቀላ ቤታችን ደጅ ላይ አውርጄ አስቀመጥኩት።

እኔ የተማርኩት እዚያው አርባ ምንጭ፣ በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲግሪዬ የሃይድሮሊክስ ነው፤ እንጀራዬ ግን ኮድ መጻፍ ሆኗል። አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እከርምና እረፍት ሳገኝ ወደ ቤት እወርዳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ተራራው እወጣለሁ። እናቴ ሁሌ ጥያቄዋ አንድ ነው። “ብቻህን? ምን ጎድሎብህ?”

ድንኳን መትከል የተማርነው ኩልፎ ዳር ነው። ኩልፎ ከጉጌ ተራሮች ይወርድና ከተማውን አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ጋ ሲደርስ የታወቀው የአዞ ገበያ ስላለ እዚያ ማንም አያድርም። እኛ ከከተማው በላይ ነበርን። ሦስተኛ ዓመት ሳለን አንድ ማታ ሜዳ የመሰለ ደረቅ አሸዋ አገኘንና ተከልን። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነበር። ሙዝ የሚጠብቁ አንድ አባት መጥተው፣ “ልጆቼ፣ ተነሱ። ላይ ጨንቻ ሲዘንብ ውሃው ማታ ነው እዚህ የሚደርሰው” አሉን። ያን ሴሚስተር የጎርፍ ስሌት እየተማርን ነበር፤ ትንሽ ሳቅን። ግን ታላቅ ሰው ተናግሮ እምቢ አይባልም፣ ተነስተን ሙዛቸው ሥር ተከልን። ጠዋት ስንነሳ አሸዋው የለም። ቡናማ ውሃ ነው የሚጋልብበት።

ጓደኛዬ ከሄደ በኋላ እንደማንኛውም ፕሮግራመር ኤክሴል ከፈትኩ። 14 ድንኳኖች ደረደርኩ፤ ክብደት፣ ዋጋ፣ ውሃ የመቋቋም አቅም፣ የተከላ ቀላልነት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠሁ። ከሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፣ ምናልባት ይጠቅማችኋል።

ጨርቁ ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊሜትር የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ይህ ጨርቁ ከማፍሰሱ በፊት ምን ያህል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ እንደሚሸከም ይነግራችኋል። 3,000 ማለት 3 ሜትር የቆመ ውሃ ማለት ነው። ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ እዚህ ጋ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ የአዲስ አበባ አይደለም። አርባ ምንጭ ላይ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ይመጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት። “ክረምቱ ወጣ” ብሎ የተዝናና ሰው ይበሰብሳል።

ሁለተኛው ነገር ላብ ነው። ድንኳን ያልበዋል። ሌሊት የምትተነፍሱት እንፋሎት ቀዝቃዛ ጨርቅ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ባለ አንድ ንብርብር ድንኳን ቀላል ነው፣ ግን ጭጋግ በማይጠፋበት ጨንቻ ላይ ጠዋት ግድግዳው ፊታችሁ ላይ ያንጠባጥባል። ባለ ሁለት ንብርብር ሲሆን ውስጠኛው መረብ፣ ውጪኛው የዝናብ ልብስ ነው፤ ውሃው ውጪኛው ላይ ይቀራል። ጥቂት መቶ ግራም ይጨምራል፣ እኔ ከፍዬበታለሁ። ናይሎን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ በውድቅት ሌሊት ወጥታችሁ ገመድ ታጠብቃላችሁ። ፖሊስተር በዚህ በኩል ይሻላል። በመራመጃ ዱላ የሚቆሙት ከሁሉም ቀላል ናቸው፣ ከ1 ኪሎ በታች ይገኛሉ። ግን ካስማ ካልያዘ አይቆሙም፤ የኩልፎ አሸዋ ላይ ካስማ እንዴት እንደሚነቀል እኔ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀው። አንድ ዓመት የፈጀብኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ የአንድ ሰው ወይስ የሁለት ሰው?

ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ከ300 እስከ 500 ግራም። ስለዚህ ራሴን ማታለል ቀላል ነበር። “ቦርሳዬንም ውስጥ አስገባለሁ” እላለሁ። “ዝናብ ሲውል መገላበጫ ይኖረኛል” እላለሁ። ቁጥሮቹ የአንድ ሰው ግዛ ባሉኝ ቁጥር ነጥቦቹን እየቀየርኩ የሁለት ሰው አንደኛ እንዲወጣ አደርግ ነበር። ሥራ ቦታ ጁኒየር እንዲህ ሲያደርግ ባገኘው እቆጣለሁ።

ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። በ15 ጎረቤታችን ጎፋ ውስጥ መሬቱ ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እናቴ ደውላ “ገደል ሥር እንዳታድር” አለችኝ፣ ከዚያ ዝም ብላ አለቀሰች። በ22 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። እኔ ነጥብ ስቀያይር የሁሉም ድንኳን ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያጠራቀምኩት ብር የሁለት ሰው አይገዛም።

ለጓደኛዬ ደውዬ ስነጫነጭ ትንሽ ሰማኝና፣ “ሁለተኛው ቦታ ለማን ነው?” አለኝ።

“ስትመጣ ብዬ ነዋ።”

ዝም አለ። ከዚያ እዚያው ሥራ እንዳገኘ፣ ኮንትራት እንደፈረመ ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት ነበር። “ለእኔ ብለህ እንዳትሸከም። የአንድ ሰው ግዛ” አለ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ከልቤ ነበር። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኤክሴሉን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የአንድ ሰው ገዛሁ፤ ባለ ሁለት ንብርብር፣ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ከነካስማው 1 ኪሎ ከ250። ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ አመጣችልኝ።

መጀመሪያ ያደርኩበት በ2017 መስቀል ማግስት ዶርዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ግቢያቸው ጥግ ላይ እንድተክል ፈቀዱልኝ። ቤታቸው ያው የዶርዜ ቤት ነው፤ ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ከፊት ሲታይ ዝሆን የሚመስል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ከሥሩ እየተቆረጠ ያጥራል እንጂ አይጣልም። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ከመሬት ያነሳውና ተሸክሞት ይሄዳል። ያን ቤት እያየሁ የእኔን በአምስት ደቂቃ አቆምኩ። ሽማግሌው ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ጨርቁን በሁለት ጣት ዳሰሱት።

“ጥሩ ነው። ሸማኔው ጎበዝ ነው” አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩና፣ “እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?” አሉኝ።

ለዚህ ኤክሴሌ ላይ ዓምድ አልነበረም። ከበሩ ፊት ጨርቁ ወደ ውጪ ተዘርግቶ ጫማ የሚቀመጥበት ትንሽ በረንዳ ይሠራል። እሱን አሳየኋቸው። ሳቁ። ዱካ አስመጡና እዚያች በረንዳ አፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ውስጥ እግሬን አጥፌ። ቆጮና ዳጣ ቀረበ። ብርዱ እስኪያባርራቸው ድረስ ስለ ልጃቸው አወሩኝ፤ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራል፣ ለመስቀል መጥቶ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ተመልሷል።

ሌሊት ዘነበ። ውስጥ ጠብታ አልገባም። ጠዋት የድንኳኑን ፎቶ ለጓደኛዬ ላክሁለት፣ ዱካው ከነቦታው ነበር። “ማን ነው የተቀመጠበት?” ብሎ ጻፈልኝ።

የድሮውን ድንኳን እናት ጋ ተውኩት። በርበሬ ስታሰጣ ከሥር ታነጥፈዋለች። ዘንጎቹ ግን አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ለእረፍት እመጣለሁ ብሏል። ያኔ ጨርቁን እኔ እይዛለሁ።