የላላ ገመድ

በዚህ ማረፊያ ቤት የሚያድሩ ተሳላሚዎች ጓዛቸውን የሚያስሩት አንዳንዱ በሲባጎ፥ አንዳንዱ በአሮጌ መቀነት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የመጣች አንዲት ተሳላሚ ግን ጥቅልዋን ያሰረችው አራት ክንድ ያህል በሚረዝም፥ በጫፉ የብረት ማንጠልጠያ ባለው የቆዳ ጠፍር ነበር። ጠፍሩ እጅ ብዙ ዘመን ስለ ያዘው ለስልሶ ጠቍሮአል። ደጁን የሚጠብቁት አረጋዊ መነኵሴ ጥቅሉን ሊቀበልዋት እጃቸውን ዘርግተው ሳሉ፥ «ይህ የበቅሎ መሳቢያ ነውን፥ ልጄ?» ብለው ቢጠይቋት፥ «የውሻ ነው፥ አባቴ» አለች። እርሳቸውም የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ዳሩ ግን ነገር መስማት የማይጠሉ አባት ናቸውና፥ ከድንጋዩ መደብ ላይ አስቀምጠው አስነገሯት። ከዚህ በታች የተጻፈው ያን ዕለት የተናገረችው ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴቲቱ የጎጃም ገበሬ ልጅ ናት። በ2005 ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ ተሻገረች። ደላላው ጕዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ በጉዞ ወረቀትዋ ላይ የሙስሊም ስም አጻፈላት፤ ይህም በእርስዋ ብቻ የደረሰ አይደለም፥ ብዙ የክርስቲያን ልጆች በዚሁ ዐይነት ባሕር ተሻግረዋል። በአዲሱ ስም ሲጠሯት ቶሎ አትሰማም ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠራች በኋላ ደንግጣ «አቤት» ትላለች። መነኵሴም ስሙ ይለወጣል፤ የእርሱ ግን በፈቃዱ ነው።

ጅዳ በቀይ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወደ መካ ለሚሄዱ ተጓዦች የባሕር በር ሆና ኖራለች፤ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩት የአሮጌው ከተማ ቤቶችዋ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በተጻፉ ጊዜም የመካ በር ተብለው ነው። መካ ከዚያ በስተምሥራቅ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ግን አይገባባትም፤ በአውራ ጎዳናው ላይ የተተከለው ምልክት ሌላውን ሁሉ በሌላ መንገድ ያዞረዋል። ያ የሐሰት ወረቀት እርስዋን ሊያሳልፋት ይችል ነበር። አልሞከረችውም። «በሐሰት ስም ጕልበቴን ሸጥሁ፤ በሐሰት ስም ግን የሰው መቅደስ አልረግጥም» አለች።

የተቀጠረችበት ቤት የአውሮፓ ሰዎች ቤት ነበረ። አንድ ዓመት ያልሞላው ትልቅ ውሻ ነበራቸው። ስሙ በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ አፍዋ አልይዝላት ቢል፥ በጠጕሩ ቀለም ቡላ አለችው። እርሱ በሁለት ቀን ስሙን ዐወቀ፤ እርስዋ ግን የራስዋን ገና አልለመደችም ነበር።

ቡላን ጧትና ማታ ወደ ውጭ ማውጣት ከሥራዋ አንዱ ሆነ። በአገርዋ ውሻ ቀን ይታሰራል፥ ሌሊት ይፈታል፤ ሰው ውሻ ይዞ ሲንሸራሸር አይታ አታውቅም። ልጅ ሳለች በቅዳሴ ሰዓት ውሻ ከደጀ ሰላሙ የማባረር ሥራ የእርስዋና የእኩዮችዋ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ቡላ ድመት አይቶ ሲወረወር በግንባርዋ ተደፋች፤ የእጅዋም አንጓ ወለም አለ። ከዚያ በኋላ እርስዋ ወደ ኋላ ትስባለች፥ እርሱ ወደ ፊት ይስባል፤ ሁለቱም እያለከለኩ ይመለሳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻ አንገቱን ወደ ኋላ ቢስቡት ሰውነቱ በተፈጥሮው ወደ ፊት ይገፋል፤ ሰውም በድንገት ከኋላው ቢገፉት ወደ ኋላ እንደሚደገፍ። ደግሞም እየጎተተ አንድ እርምጃ እንኳ ቢራመድ፥ መጎተት ወዳሰበው እንደሚያደርስ ይማራል። ስለዚህ የሚጎትት ውሻ ያልተማረ ውሻ አይደለም፤ በየቀኑ ሳያውቁት መጎተትን ያስተማሩት ውሻ ነው። ገመዱን መንጨቅም ጕሮሮውን ከመጕዳት በቀር አያስተምረውም።

ማዳም ይህን ባየች ጊዜ ትምህርቱን በሦስት ቃል ጨረሰችላት። ሲጎትት ቁሚ፤ ገመዱ ሲላላ ሂጂ፤ ከጕልበትሽ አጠገብ ሲሆን አጕርሺው። ሴቲቱ በልብዋ ሳቀች። አባትዋ ወይፈን ሲገሩ ከሽማግሌ በሬ ጋር ይጠምዱት ነበር፤ ሽማግሌው ሲቆም ይቆማል፥ ሲሄድ ይሄዳል፤ ጅራፍም አለ። እዚህ ግን ጅራፍ የለም፥ ሽማግሌው በሬም እርስዋ ራስዋ መሆንዋ ነው።

በማግሥቱ ሙስሊሞች ለንጋት ጸሎት ሲጠሩ ወጣች። ከበሩ እስከ መንገዱ ማእዘን ስድሳ እርምጃ ነው። ቡላ ይጎትታል፥ ትቆማለች። ይጎትታል፥ ትቆማለች። መቆም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቆሞ አለመቈጣት፥ ቆሞ አለመሳብ፥ ቆሞ የሌላውን ፈቃድ መጠበቅ ከመሮጥ ይልቅ ያደክማል። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም፥ ክርስቲያን በአደባባይ አይጸልይም፤ እርስዋም በቆመች ቍጥር አንድ ጊዜ እግዚኦታ በልብዋ ማድረስ ጀመረች። ወደ ማእዘኑ ሳይደርሱ 41 ሞላ፤ ፀሐይም ወጣ። በዚያ ቀን ማእዘኑን አላዩትም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ውሻው ገመዱ ሊወጠር ሲል ራሱ ዘወር ብሎ ፊትዋን ያይ ጀመር፤ ያን ጊዜ አንዲት ቍራሽ የዶሮ ሥጋ ከግራ ጕልበትዋ አጠገብ ትሰጠዋለች። ረቡዕና ዓርብ እርስዋ እየጾመች ጣቶችዋ ዶሮ ይሸቱ ነበር። ይህን ስትናገር አረጋዊው ፈገግ አሉ፤ በጾም ለሌላ ስለሚያበስሉ ሰዎች አንድ ነገር ሊሉ ጀምረው ተዉት።

የሙቀቱም ነገር አለ። በጅዳ በበጋ ቀትር አስፋልቱ የውሻ እግር ያቃጥላል፤ መዳፍን ገልብጦ ሰባት እስኪቆጠር በመሬቱ ላይ ማኖር ካልተቻለ ውሻ አይወጣም። ስለዚህ ሳይነጋና ከመሸ በኋላ ብቻ ነበር የሚወጡት። ይህ ደግሞ ከሰው ዐይን ይሰውራቸው ነበር፤ መሰወርም ያስፈልግ ነበርና። በዚያው በ2006 የሃይማኖት ሥርዐት አስከባሪው ኮሚሽን ባሳሰበው መሠረት በጅዳና በመካ ውሻና ድመት እንዳይሸጥ ታዘዘ። ለጅዳ ከተማ አስተዳደር በተጻፈው ደብዳቤ የተሰጠው ምክንያት አንዳንድ ወጣቶች እንስሳቱን እየገዙ በአደባባይ ያንሸራሽራሉ የሚል ነበር። የድመቱ ብዙ ሰው አስገርሟል፤ ነቢዩ መሐመድ ድመት ይወድዱ እንደ ነበር ሙስሊም ሁሉ ይናገራልና። ስለ ውሻው ግን ማንም አልተገረመም።

ከግንቡ ማዶ በአንድ የአገሩ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ነበረች፤ ሙስሊም ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በጓሮ በር ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር፤ በጅዳ የነበራት ዘመድ ይህች ብቻ ናት። ገመዱ ገና ባልላላበት ጊዜ፥ አንድ ቀን ሲመሽ፥ ቡላ ተወርውሮ በርጥብ አፉ የወሎዪቱን ቀሚስ ነካው። ለመግሪብ ሶላት ታጥባ የወጣች ነበረች። ጮኸች፤ ተመልሳም ልብስዋን አጠበች፤ የሶላቱም ሰዓት አለፈባት። ከዚያ ወዲያ ወደ ቡናው አልመጣችም። «ውሻ ከሚልሰው እጅ ሲኒ አልቀበልም» ብላ ላከችባት።

ይህ የግትርነት ነገር አይደለም። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፥ ከሰባቱም አንዱን በአፈር እንዲታጠብ የሚያዝዝ ትምህርት በሐዲስ አለ። የእስልምና የሕግ ሊቃውንት በዝርዝሩ አንድ ቃል የላቸውም። ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ውሻ ሁለንተናው ርኩስ ነው ይላሉ፤ ሐነፊዎች ምራቁን ይለያሉ፤ ማሊኪዎች ሕያው ውሻ ንጹሕ ነው ይላሉ። የወሎዪቱ ልጅ ግን ሊቅ አይደለችም፥ ጸሎትዋ እንዳይበላሽባት የምትፈራ ሴት ናት። የጎጃሚቱም ከደጀ ሰላም ውሻ ስታባርር ያደገች ናትና ነገሩ ገባት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ገመዱ ለእጅዋ አንጓ ብላ የምትይዘው ብቻ አልሆነም፤ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ጸሎት የሚሄድ ሊሆን ይችላል።

አሁንም አንድ እንቅፋት ቀረ። ቡላ ብቻውን ሲሆኑ እንደ በግ ይሄዳል፤ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሰው ከሩቅ ብቅ ሲል ግን ይወረወራል። ሴቲቱ ውሻው ሰው ይጠላል ብላ ደመደመች። ማዳም አንድ ቀን አብራት ወጥታ አየችና፥ «እጅሽን ተመልከቺ» አለቻት። እውነት ነው። ሰው ባየች ቍጥር ሳታውቀው ገመዱን በመዳፍዋ ጠቅልላ ወደ ደረትዋ ትስብ ነበር። ፍርሃትዋ በጠፍሩ ወርዶ ከውሻው አንገት ይደርሳል፤ እርሱም የሚያስፈራ ነገር መጣ ብሎ ይነሣል። ውሻው የሚጠላው ሰው አልነበረም፤ የእርስዋን መንቀጥቀጥ ይታዘዝ ነበር።

በግዕዝም በዓረብኛም ውሻ ከልብ ይባላል፤ ዓረቦች ልብን ቀልብ ይሉታል፥ በአማርኛም ቀልብ የሐሳብ ማረፊያ ነው። የቡላን አንገት መያዝ ለማንም ይቻላል፤ ቀልቡን ለመያዝ ግን አስቀድማ የራስዋን መሰብሰብ ነበረባት። ሰው ሲመጣ እጅዋን ከወገብዋ በታች ማሳረፍ፥ አየሩን ማስወጣት፥ ስሙን ዝግ ብሎ መጥራት፥ ከሚመጣው ፊት ለፊት ሳይሆን ዞር ብሎ ማለፍ፤ ይህን ለመማር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ፈጀባት። ውሻው በአንድ ሳምንት ተምሮት ነበር።

ዲሴምበር 28 ቀን 2006 ሐሙስ ነበረ። በአገራችን አቆጣጠር ታኅሣሥ 19፥ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው፤ ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ባሠሩት በቍልቢ ደብር ያን ሌሊት ስንቱ ስለት ይዞ በእግሩ ሲገሰግስ ያደረ ነው፤ ከተጓዡም መካከል ሙስሊሞች አይታጡም። በሙስሊሞች አቆጣጠር ደግሞ የዙል ሒጃ ስምንተኛ ቀን፥ ተጓዦች ወደ ሚና የሚወጡበት ዕለት ነበረ። የጅዳ ነዋሪ ከመካ ቅርብ ስለ ሆነ የሐጁን ልብስ፥ ኢሕራሙን፥ ከቤቱ ለብሶ ይወጣል። እርስዋ ይህን አላወቀችም፤ በገብርኤል ስም ሳይነጋ ወጣች፥ ማእዘኑንም ዞረች።

በጎረቤቱ ደጅ መኪና ቆሞአል። ሽማግሌው ጌታና ሁለት ልጆቻቸው ስፌት በሌለው በሁለት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ወደ መኪናው ይመጣሉ፤ ለእርስዋ ዐይን ጋቢ የለበሱ የአገርዋ ሽማግሎች መሰሏት። ከኋላቸው የወሎዪቱ ልጅ ጓዝ ተሸክማ አለች፤ እርስዋንም ለሐጅ ሊወስዷት ነው። በግንቡና በመኪናው መካከል ያለው ሦስት ክንድ አይሞላም። ወደ ኋላ ብትመለስ ውሻው መሸሽ መሆኑን ያውቃል። እጅዋ ሊጠቀልል ጀመረ፤ ተወችው። «ቡላ» አለች። ቀና ብሎ አያት። ከግንቡ ተጠግታ ቆመች፥ እርሱም ከጕልበትዋ አጠገብ ቁጭ አለ፤ ጠፍሩ በመካከላቸው እንደ ተፈታ መቀነት ተንጠልጥሎአል።

ሽማግሌው የጨርቃቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው አለፉ። ልጆቹም አለፉ። ማንም ምንም አልተናገረም። የወሎዪቱ ግን ከፊትዋ ስትደርስ ቆመች፤ ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃልና፥ በአማርኛ፥

«እኅቴ፥ አፉ በይኝ» አለች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለቻት።

ሐጅዋን ፈጽማ በተመለሰች በመጀመሪያው ዓርብ በጓሮው በር ብቅ አለች። የራስዋን ሲኒ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ከአንድ ጀበና ሁለቱ ጠጡ፥ እያንዳንዳቸው በየሲኒያቸው። ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ ቀድታ ስላጠጣችና ኃጢአትዋ ስለ ተሰረየላት አመንዝራ ሴት በሐዲስ የተጻፈውን የነገረቻት ያን ቀን ነው። ቡላን ግን አልነካችውም፥ እስከ መጨረሻውም አልነካችውም።

በ2008 የማዳም ቤተ ሰብ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ቡላም በሣጥን ሆኖ አብሮ ተጫነ፤ ጠፍሩ ከእርስዋ ዘንድ ቀረ። በዚያው ዓመት በዋና ከተማው በሪያድ ውሻና ድመት በአደባባይ ማንሸራሸር ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ላልቶአል፤ በ2016 ኮሚሽኑ ሰው የማሳደድና የመያዝ ሥልጣኑ ተወሰደበት፥ በ2020 ደግሞ በኮበር ከተማ ሰው ከነውሻው የሚገባበት ቡና ቤት ተከፈተ። ይህን የነገረቻት የወሎዪቱ ናት፤ አሁንም ይደዋወላሉ።

አረጋዊው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ቀጥለውም ጦቢያ ከመልአኩ ጋር በወጣ ጊዜ ውሻው ተከትሎት እንደ ሄደ፥ በመጽሐፉ ግን ገመድ የሚባል ነገር እንደ ሌለ ተናገሩ። ከዚያ ተነሡና ጥቅሉን በጠፍሩ ይዘው እስከ ሴቶች ማደሪያ ደጅ አደረሱላት። ሲመለሱ በገንዳው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ታጠቡ።