ትንሽ ጎላ አድርጊው

ወዳጄ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ሥላሴ ካቴድራል ስትሄድ ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ከሆነ ቀስ በል። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አጥር ሥር ቆመው ድራማ ሲለማመዱ ታገኝ ይሆናል። አንዷ እጇን ወገቧ ላይ ጭና እናት ሆናለች፤ አንዱ ደብተሩን እንደ ጋዜጣ ዘርግቶ አባት ሆኗል። ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ እንደገና ይጀምራሉ።

ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ያረፈው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት መጻፍ የጀመረው አምቦ ተማሪ ሳለ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ መምህር ነበር፤ ተውኔቶቹን ተማሪዎቹን እያስጠና መድረክ ላይ ያወጣ ነበር። ቴአትራችን ከክፍልም ጭምር የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬም በትምህርት ቤቶች የድራማ ክበብ አለ፣ ሚኒ ሚዲያ አለ። ማይኩ ግን ከደፋሮቹ እጅ አይወጣም። እኔ የማስበው የኋላ ወንበር ላይ ለምትቀመጠው፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለቷ ለማይሰማው ልጅ ነው። የትንፋሽ አያያዝ፣ የቃል አወጣጥ፣ ሰው ፊት መቆም፣ ይህ ሁሉ ሥልጠና ከማንም በላይ የሚገባው ለእሷ ነው። ደግ የክበብ መምህር ቢገጥማት የጎረቤት ሚና ይሰጣታል፤ «እንዴት አደራችሁ!» ብላ የምትገባበት። «ጎሽ! አሁን ትንሽ ጎላ አድርጊው» ይላታል።