የአባባ ጣቶችና የበረዶ ላይ ዓሣ

መቼም «ክረምት» ሲባል እኛ ትዝ የሚለን ዝናብ፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። ሚኒሶታ ደግሞ የራሷ ክረምት አላት። ጥር ላይ ጠዋት ጠዋት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል፣ ሐይቁ ድንጋይ ይሆናል፣ ሰዉም ተነሥቶ ይሄድና ድንጋዩን ይበሳል። በቀዳዳው ክር አውርዶ ዓሣ ይጠብቃል። ሴንት ፖል በገባን ሰሞን ይህን ስናይ «እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?» እንባባል ነበር።

ነገሩ የቤታችን ጉዳይ የሆነው አባባ ከመጡ በኋላ ነው። አባባ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ ቆሮሶና አምባዛ በክርና በመንጠቆ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ሶፋና ቴሌቪዥን ሆነ ኑሯቸው። አንድ ቀን «ልጆቼ፣ እስር ቤት እንኳ ግቢ አለው» አሉን። ቀጥለውም የመመለሻ ቲኬት ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ልብ በሉ፣ ቀልድ አልነበረም። እናታችን ካረፈች ወዲህ የሐዋሳው ቤት ባዶ ነው፤ የሚመለሱት ወደ ባዶ ቤት ነው። እኛ እህትና ወንድም ተያየንና «በረዶው ላይ እንውሰዳቸው» አልን።

ዘንጉ አላስቸገረንም። ቀዳዳው አጠገብ ተቀምጦ ስለሚጠመድ የበረዶ ዘንግ አጭር ነው፤ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ያስቸገረን ሪሉ ነው፤ ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ማለታችን ነው። ሱቁ ግድግዳ ሙሉ ደርድሯል። ከ30 ዶላር በታች አለ፣ ከ200 በላይም አለ። ሻጩ «ይቺ አሥር ኩሽኔታ አላት» እያለ ያሞግሳል። ኩሽኔታ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን በልጅነት ቁልቁለት የወረድንበት ጋሪ ነው። እዚያም ቢሆን አራት ደህና ኩሽኔታ ዝገት ከበላው አሥር ይሻል ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በመጀመሪያ መጠን። ትንንሾቹ ሪሎች 500 እና 1000 የሚል ቁጥር ይጻፍባቸዋል። 500 ቁጥሯ ታምራለች፤ ነገር ግን ክሩ የሚጠቀለልበት አካሏ ጠባብ ነው። ናይለን ክር ደግሞ ቂመኛ ነው፤ በብርድ ጊዜ የተጠቀለለበትን ቅርጽ አይረሳም። እንደ ሞላ ተጠማዞ ይወርዳል፣ ዓሣዋም በቀስታ ስትነካው ለእጅ አይሰማም። ስለዚህ ሰፋ ያለችውን 1000 ቁጥር መረጥን።

ሁለተኛው ድራግ የሚሉት ነው። የመኪና ፍሪሲዮን የሚያውቅ ሰው አይቸገርም፤ ዓሣዋ ስትጎትት እየተንሸራተተ ክር የሚለቅ መያዣ ነው። ለትንንሽ ዓሣ የሚታሰረው ክር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢጎተት የሚበጠስ ነውና፣ ፍሪሲዮኑ ሲነሣ ከነተረ አለቀ፣ ክሩም ዓሣዋም የሉም።

ሦስተኛው ጠመዝማዛ ነገር አለው። ይህን ዓይነት ሪል በ1905 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ሰውዬው የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነበር። ክሩ በማጠንጠኛው ጫፍ በኩል ይወጣል እንጂ ማጠንጠኛው እንደ ጎማ አይሽከረከርም። እንዝርት ያየ ሰው የሚመጣውን ጣጣ ወዲያው ይገባዋል፤ ክሩ ይከራል። ለፈታይ መክረሩ ሥራዋ ነው፤ ለዓሣ አጥማጅ ግን መከራው ነው። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ እጀታውን ዝም ብለን ብናዞር፣ ጥርሱ አንድ ለአምስት ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር አምስት ጊዜ እናከረዋለን። ከዚያ መንጠቆው ውሃ ውስጥ እንደ እንዝርት ሲሾር ይውላል፤ ዓሣዋም ታየውና ትሄዳለች። እንደ ጎማ የሚሽከረከሩ፣ ይህ ችግር የሌለባቸው ሪሎችም አሉ። ነገር ግን በአንድ ዙር የሚሰበስቡት ክር ጥቂት ነው፤ የአባባን ጣቶች ደግሞ ቁርጥማት ይዟቸዋል። ብዙ ዙር ለማን እጅ? ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ ትንሽ የምትዞር ማያያዣ አስገብተን በመጀመሪያው ሐሳባችን ጸናን።

አራተኛው ብርዱ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ውስጡ ያለው ግራሶ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል። ያኔ እጀታው ይከብዳል፤ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ክፍል ደግሞ መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። መፍትሔው ግራሶውን ጠርጎ ብርድ የሚችል ቀጭን ዘይት መቀባት ነው። እኛም እንደዚያ አድርገን፣ ለፈተና ሪሏን ፍሪዘር ውስጥ ከበርበሬው ጎን አሳደርናት። ጠዋት እንደ ማታዋ ዞረች።

ከሁሉ በላይ ግን የመረጡት አባባ ራሳቸው ናቸው። ጓንት አጥልቀው ሱቁ ውስጥ ቆሙና ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ አዞሯቸው። ውዷ እጀታዋ ቀጭን ስለሆነ በጓንት አልተያዘችም። 50 ዶላር ያልሞላችውን ይዘው «ይቺ አትንጫጫም» አሉ። በቃ።

ፌለን ሐይቅ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። «ጴጥሮስም ሰጥሟል» ብለው ዳር ላይ ቆሙ። እውነታቸውን ነው። የሚኒሶታ ባለሥልጣናት ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይላሉ፤ ነጣ ያለው ደካማ ስለሆነ እጥፍ መሆን አለበት። በስተን ለካነው፤ 25 ሆነ። ገቡ። ውሃ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነውና ከታች ያለው እንደማይረጋ ስንነግራቸው «እንግዲያው ከእኛ ይልቅ እነሱ ይሞቃቸዋላ!» ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ከሰማን ቆይተን ነበር።

ያን ቀን መዳፍ የማታክል ብሉጊል አወጡ፣ መልሰውም ለቀቋት። የቲኬቱን ዋጋ እስከ ዛሬ ደግመው አልጠየቁም፤ ነገ ይጠይቁ እንደሆነ አናውቅም። እናንተም ለሰው ሪል የምትገዙ ከሆነ ቁጥሩንና ኩሽኔታውን ተዉትና የሚይዛትን እጅ ይዛችሁ ሂዱ። ጓንቱንም አትርሱ።