ሆድ ያባውን ጠጕር ያወጣዋል

አበው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ሲሉ በሆድ የተሸሸገ ምሥጢር በጠላ ጊዜ እንደሚገለጥ መናገራቸው ነበር። የሰው ሆድ ምን እንደ በላ ለማወቅ ግን ዛሬ ጠላ መጋበዝ አያስፈልግም፤ አጥንቱ፣ ጥርሱና ጠጕሩ ይመሰክራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምንበላው እህል ሁሉ ካርቦን አለ። ከ100ው 99ኙ ያህል ቀላሉ ካርቦን 12 ሲሆን፣ የቀረው ከበድ ያለው ካርቦን 13 ነው። ሁለቱም እንደ ካርቦን 14 በዘመን ብዛት ስለማይፈርሱ የረጉ አይሶቶፖች ይባላሉ። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ከአየር ካርቦን ሲስቡ ከባዱን ቀነስ አድርገው ይወስዱታል፤ ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ግን ከነዚያ አብልጠው ይይዙታል። እህሉ የበላተኛው ሥጋና አጥንት ሲሆን ልዩነቱም አብሮት ይሄዳል፤ አተምን በክብደቱ የሚለይ መሣሪያም ያነበዋል።

ሊቃውንት ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ የሚኖሩ ዛጎል ለበስ እንስሳት ወንዙ ያመጣውን የቅጠል ብስባሽ ይብሉ ወይስ የባሕሩን ደቃቅ ዕፀዋት በዚሁ ዘዴ ይመረምራሉ። በአገራችንም በሐዳርና በዲኪካ የተገኙት የድንቅነሽ ወገኖች ጥርስ ተመርምሮ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከቆላ ሣርና ከመሰሎቹ የመጣ ምግብ ጭምር ይመገቡ እንደ ነበር በ2005 ዓ.ም. ታትሟል።

እኔ የማስተምርበት አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ደጋ ነው። የባላገሩ ገበታ ገብስና ባቄላ ሲሆን፣ የደመወዝተኛው እንጀራ ግን ብዙውን ጊዜ ከዝቅተኛው አገር የመጣ ጤፍ ነው። እንግዲህ የእኔና የተማሪዬ ጠጕር ጎን ለጎን ቢመዘን፣ በአንድ ከተማ እየኖርን ከአንድ ማዕድ አለመብላታችን ይታወቅ ነበር።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩ ናቸው። ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። አዝመራው ሳይደርስ፣ ጎተራው በሚጎድልበት ወራት፣ ድርቆሹና ቆሎው ረቡዕ ያልቃል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንገቱን የሚደፋውን ልጅ «ምሳ በልተሃል?» ስለው፣ «በልቻለሁ መምህር፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። ይህንም የሚለው የቤተ ሰቡን ጓዳ ለሰው ላለመግለጥ ነው።

በዚህ ጊዜ የአየርላንድ ነገር ይታወሰኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 በዚያ አገር ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ ሆነ። በኪልኬኒ ከተማ በድኾች መጠጊያ የሞቱት ሰዎች ጥርስና አጥንት በዘመናችን ሲመረመር፣ የድንቹ ምልክት ወደ በቆሎ ተለውጦ ተገኘ፤ በቆሎውም ከአሜሪካ የመጣ የችግር ጊዜ ምግብ ነበር። ከባዱ ናይትሮጅን ከፍ ማለቱ ደግሞ ሰውነታቸው የገዛ ራሱን ሥጋ ይበላ እንደ ነበር አመለከተ። ጠጕርም በወር 1 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ የጥጋቡንና የረኃቡን ወራት በተራ ይመዘግባል።

አንባቢ ሆይ፤ የኪልኬኒ ሰዎች ጥርስ የመሰከረው የሚረዳቸው ሁሉ ከሞተ በኋላ ነው። የተማሪዎቻችን ጠጕር ግን ገና በማደግ ላይ ነው። ያን መሣሪያ በየትምህርት ቤቱ ማቆም አይቻልም፤ ለእኛ ሐሙስ የሚደፋው አንገት ይበቃናል። «በልተሃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምንጊዜም «በልቻለሁ» ስለ ሆነ፣ እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ መጠየቁን ትተናል። ሐሙስና ዓርብ ምሳችንን ከፍ አድርገን እንይዛለን፤ ልጁንም ጠርተን «በሞቴ፣ እንብላ» እንለዋለን። እስከ ዛሬ ይህን እምቢ ያለ ተማሪ አልገጠመንም።