ማሽኑ ተገጠመለት፤ ታዲያ ለምን ቶሎ አይሰማም?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን ዛሬ ላንሳው። «ልጁ ኮክሌር ኢምፕላንት ተደርጎለት ስሙን ስንጠራው ዞር አይልም። ልፋታችን ውሃ በላው ማለት ነው?»

ኧረ አይደለም! ማሽኑ ድምፅን ወደ ነርቭ ያደርሳል እንጂ መስማትን አያስተምርም። ሌላው ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ሲሰማ ነው የኖረው። በ4 ዓመቱ የተገጠመለት ልጅ ግን በመስማት ገና አራስ ነው። አራስን «ለምን አታወራም?» የሚል አለ እንዴ?

አንዳንዱ ደግሞ ከሌላው ይዘገያል። አእምሮ ድምፅን ለመልመድ በጣም የሚመቸው እስከ 3 ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይከብዳል። በማጅራት ገትር መስማት ያቃተው ልጅ የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል። የአንዳንዱ የመስሚያ ነርቭ ከተፈጥሮው ቀጭን ነው። ማሽኑ በየጊዜው በባለሙያ ካልተስተካከለ፣ ወይ ባትሪው አልቆ ሳጥን ውስጥ ከዋለም ያው ነው። ከቡሬ አዲስ አበባ መመላለሱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እናንተ ጋ ያለውን ግን አድርጉ። ነቅቶ እስካለ ድረስ ማሽኑ አይውለቅ። ቡና ሲወቀጥ «ሰማህ? ሙቀጫው ነው!» በሉት። ግሽ ዓባይ ጠበል ስታስጠምቁት የውጪውን ክፍል አውልቁ፤ ጆሮው ሲደርቅ መልሱለት። ለወራት ለውጥ ካጣችሁ ባለሙያ ይየው።

የምልክት ቋንቋንም አትፍሩ። ልጅ መስማት እስኪለምድ ድረስ ያለ ቋንቋ መቆየት የለበትም።